በጋሼ የሎሚ ችግኝ ላይ የታየው የብር መስመር፦ አዳማ ላይ የተከታተልኩት የአንዲት ቅጠል ሰርሳሪ ጉዳይ

ጋሼ አጥሩን ሲያንኳኩ ገና ፀሐይ አልወጣችም። «ልጄ፣ እስቲ ብቅ በይና እዪልኝ። ያ የቲማቲሙ ትል ሎሚዬ ውስጥ ገባ» አሉኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ማንሳት የጀመረበት ሰሞን።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ መሪውን ካስቀመጡ በኋላ ግቢያቸውን የችግኝ ቦታ አደረጉት። አጥሩ ጥግ፣ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ፣ 64 የተዳቀሉ (የአንዱ ቀንበጥ በሌላው ግንድ ላይ የተቀጠለባቸው) የሎሚና የብርቱካን ችግኞች ተደርድረዋል። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለዚህች ነፍሳት ግን አብዛኛውን ያወቅኩት ከዚያ ጠዋት ወዲህ ነው። የሆነውን ሁሉ ከነስህተታችን የምጽፈው፣ በግቢው አንድ ሎሚ የተከለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ነገር ስለሚገጥመው ነው።

ለጋ ቅጠሎቹ ተጨማደዋል። ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ላያቸው ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል የብር መስመር ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል። በመስመሩ መሃል ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር ክር አለ። የጠነከሩት የታች ቅጠሎች ግን ንጹሕ ናቸው። ይሄ የመጀመሪያው ፍንጭ ነበር። ያን ጠዋት ግን ልብ አላልኩትም።

ጋሼ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ረጭተዋል። ከአንድ መደብር «የማይገድለው ነገር የለም» ተብለው የገዙት ነው። ሁለቱ አልሠራ ሲላቸው በሦስተኛው መጠኑን ራሳቸው ጨመሩት። የአንዳንዱ ችግኝ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል። የብር መስመሩ ግን አዲስ ቅጠል በወጣ ቁጥር ይቀጥላል።

የቲማቲሟ እና የሎሚዋ

የጋሼ ድንጋጤ ምክንያት ነበረው። ከዓመታት በፊት ወንጂ አካባቢ መሬት ተከራይተው ቲማቲም ዘርተው ነበር። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት እራት ኢትዮጵያ መግባቷ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በ2006 ስፔን ታየች። ከዚያ በሜዲትራኒያን ዙሪያ አልፋ ወደ አፍሪካ ወረደች። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቲማቲም ያመረተ ሰው ስሟን ባያውቅ እንኳ ሥራዋን ያውቃል። «ፍሬው ቀልቶ፣ ሳጥን ልንሞላ ስንል፣ ስትቆርጪው ውስጡ ትል ነው» ይላሉ ጋሼ። ያን ዓመት የከሰሩትን ብር ዛሬም ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያደረግኩት እሳቸውን ማረጋጋት ነበር። የቲማቲሟ እራት ከቲማቲም፣ ከድንችና ከዘመዶቻቸው ወደ ሎሚ አትሻገርም። ደግሞ አበላሏም ይለያል። የቲማቲሟ እጭ ከላይኛውና ከታችኛው የቅጠል ቆዳ መሃል ያለውን አረንጓዴ ሥጋ ትበላለች፤ ፍሬም ትበሳለች። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ማሳው እሳት የለበለበው ይመስላል። የሎሚው ቅጠል ግን ተጨማደደ እንጂ አረንጓዴ ነው። ይህን ልዩነት በእጃቸው እንዲነኩት ቅጠሉን ሰጠኋቸው። ብሩን በጥፍራቸው ሲፍቁት እንደ ሽንኩርት ስስ ቆዳ ተገፎ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቅጠል ሙሉ ነበር።

የሎሚዋም የእሳት እራት ናት፤ የሳይንስ ስሟ ፊሎክኒስቲስ ሲትሬላ ነው። ስሙን የሰጣት ስቴይንተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1856 እ.ኤ.አ. ነው። ናሙናዎቹ ከህንድ፣ ከካልካታ የመጡ ነበሩ። ከእስያ ተነስታ ዛሬ ብርቱካንና ሎሚ በሚበቅልበት የዓለም ክፍል ሁሉ ማለት ይቻላል ትገኛለች። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በችግኝ ጣቢያዎች ታይታ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ግዛቱን በሙሉ አዳርሳለች። በችግኝ መኪና ተጭና ትሄዳለች ማለት ነው። ይሄን ስነግራቸው ጋሼ የመኪና ነገር ስለሆነ ወዲያው ገባቸው። «እኔም ሳላውቅ ስንቷን አመላልሻት ይሆናል» አሉ።

ቀይ ክር

ከዚያ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ሦስት ሳምንት ምንም እንዳይረጩ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። ችግኝ የገዛ ብራቸው ነው፣ እኔ ደግሞ «እስቲ እንያት» እያልኩ ነው። ግን እሺ አሉኝ።

12 ለጋ ቅጠሎች መርጬ ዘንጋቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። የልጆች ሹራብ የሚሠራበት ክር ነው። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ማታም ስመለስ፣ በማጉያ መነጽር አያቸዋለሁ። ስልኬንም ሌንሱ ላይ አስደግፌ ፎቶ አነሳለሁ።

እንቁላሏን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስፋቷ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በጎን ሲመታት ብቻ ጠፍጣፋ የጤዛ ጠብታ ትመስላለች። አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ከቅጠሉ ሥር፣ የመሃሉ ጅማት አጠገብ ነው። የተጣሉት ደግሞ ገና ከቡቃያው በተዘረጉ፣ ጥፍር በሚያህሉ ቅጠሎች ላይ ነው። ሰፋ ባለው ቅጠል ላይ አንድም አላገኘሁም። የታች ቅጠሎች ንጹሕ የሆኑበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ቅጠሉ ከጠነከረ ልጇ አፏ አይሠራበትም። እናትየዋ ይህን ታውቃለች።

ጥቅምት 8 ያየኋት አንዲት እንቁላል ጥቅምት 12 ላይ ጠፍታ፣ በቦታዋ ፀጉር የሚያህል መስመር ተጀምሯል። እጯ ከእንቁላሉ ስትወጣ አየር እንኳ አትነካም። በቀጥታ የቅጠሉን ስስ ሽፋን ሰርስራ ትገባለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጣሪያ አላት። የጋሼ መድኃኒት ያረፈው እዚያ ጣሪያ ላይ ነው። ቅጠሉ በተፈጥሮው ሰም የተቀባ ነው፣ ውሃም አያስገባም። እሷ ከሥሩ ሆና የሽፋኑን ሴሎች እየቀደደች ጭማቂያቸውን ትጠጣለች። የምትበላው የቆዳውን ሴል ብቻ ስለሆነ ባዶው ቦታ አየር ይገባበትና ብር ይመስላል። መሃል ላይ ያለው ጥቁር ክር ደግሞ ኩሷ ነው። በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ እያሰመረች ትሄዳለች።

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አዙሬ ስይዘው በመስመሩ ጫፍ ላይ ትታየኛለች። ፈዛዛ ቢጫ ናት፤ ጠፍጣፋ፣ እግር የሌላት። ጭንቅላቷን እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። አንድ ቀን ማታ ባትሪ ይዤ ሃያ ደቂቃ ያህል አየኋት። አላቆመችም። ጋሼም ከጎኔ መጥተው መነጽሩን ተቀበሉኝ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና «ይቺ ናት እንዴ?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሦስት ጠርሙስ መድኃኒት ያስገዛቻቸው ከሩዝ ቅንጣት እጅግ ያነሰች ፍጥረት መሆኗን ያመኑት ያን ማታ ይመስለኛል።

በእጭነቷ አራት የዕድገት ደረጃ አላት። በሦስቱ ትበላለች፤ በአራተኛው አፏ ለመብላት አይሆንም፣ ሐር ለመፍተል ብቻ ነው። እኔ የተከታተልኳት ጥቅምት 21 ላይ መስመሯን ወደ ቅጠሉ ጠርዝ አደረሰች። እዚያ ሐሯን ፈትላ ስትስበው የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሸፈናት። ቅጠሉ የሚጨማደደው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት «ሙሽሬ» ብለን የምናስተምረው፣ እጯ ወደ ባለክንፍ የምትለወጥበት ደረጃ እዚህ ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ይህችን ያያት ይመስል፣ በሐር ተሸፍና፣ ለማንም ሳትታይ ትቀመጣለች።

ያን ቅጠል ቆርጬ የማር ማሰሮ ውስጥ አኖርኩት። አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩ። ኅዳር 1 ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቡና ላፈላ ስነሳ፣ ጨርቁ ላይ ቆማ ነበር። ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ። የብር ነጭ ክንፍ፣ ላዩ ላይ ወርቃማና ቡናማ መስመሮች፣ ጫፉ ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጥብ። ዳርና ዳሩ እንደ ነጠላ ጥለት ዘርፍ አለው። ስተነፍስ ተነስታ ዞራ አረፈች። ከእንቁላሉ ቀን ሲቆጠር 23 ቀን ሆኗታል። ሞቃት በሆነ ጊዜ ከ13 ቀን ጀምሮ ልትጨርስ ትችላለች፤ ሲቀዘቅዝ እስከ 52 ቀን ይሄዳል። ክንፍ ካወጣች በኋላ ቅጠል አትበላም። ጥቂት ቀን ትኖራለች፣ ትገናኛለች፣ ትጥላለች። የምትንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጋሼ መድኃኒት ይረጩ የነበረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር።

ከ12ቱ ቅጠሎች ለአቅመ ክንፍ የደረሱት አምስት ናቸው። ሦስቱ እንቁላል ሳይፈለፈል ጠፋ። ሁለት እጮች መስመራቸውን ሳይጨርሱ ደርቀው ቀሩ። ሁለት ቅጠል ደግሞ የጋሼ በግ ከነክሩ በልታዋለች።

የእኔ አሮጌ ሎሚ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ለእኔ የተገለጠው። ግቢዬ ውስጥ ከቤቱ ጋር የተከራየሁት አንድ ትልቅ ሎሚ አለ። ማንም ረጭቶት አያውቅም። ጉንዳን ይመላለስበታል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ሄጄ ሳየው እሱም የብር መስመር ሞልቶታል! ዓመቱን ሙሉ ከሥሩ ሻይ ስጠጣ አላየሁትም። ዛፉ ግን ፍሬ ይሰጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ለሰላጣ የሚጠይቀኝ ከእሱ ነው። ከአራትና አምስት ዓመት ያለፈ ዛፍ ብዙ የጠነከረ ቅጠል ስላለው ጥቂት ለጋ ቅጠል ቢሰረሰርበት ምንም አይለውም። የሚጎዳው ያለው ቅጠል ሁሉ ለጋ የሆነ ችግኝ ነው። የጋሼ 64 ችግኞች ሁሉ እንዲህ ነበሩ።

ከዛፌ 20 የተሰረሰሩ ቅጠሎች ቆረጥኩ። በሰባቱ ውስጥ እጯ ሞታለች። ከጎኗ ደግሞ ጥቁር፣ ከእሷም ያነሰ ሌላ ሙሽሬ ተጋድሟል። አንዱን ማሰሮ ውስጥ ሳቆየው ዓይን የማይሞላ ተርብ ወጣ። እነዚህ ተርቦች በቅጠሉ ጣሪያ ላይ ቆመው፣ መርፌያቸውን አሳልፈው፣ እጯ ላይ ወይም አጠገቧ እንቁላል ይጥላሉ። የተርቡ ልጅ እጯን በልታ ታድጋለች። ፍሎሪዳ የደረሰችውን ለመመከት በ1994 እ.ኤ.አ. አጄኒያስፒስ ሲትሪኮላ የምትባል ተርብ ከአውስትራሊያ አምጥተው ለቀዋል። የዚያች ተርብ ነገር ደግሞ ይገርማል፤ አንድ እንቁላሏ ለብዙ ተከፍሎ ከአንድ እጭ ውስጥ በርካታ ተርብ ይወጣል። የእኔዎቹ የየትኛው ዝርያ ይሁኑ፣ ሥራቸው ግን ዓይኔ ሥር ነበር።

በጋሼ ችግኞች ላይ የተርብ ምልክት ፈልጌ አንድም አላገኘሁም። 20 ቅጠል ትልቅ ማስረጃ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን መድኃኒቱ ጣሪያ ሥር ያለችውን ሳይነካ፣ ጣሪያው ላይ የምትቆመውን ተርብ እንደሚገድል ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኛ ዘበኛውን የገደልኩት» አሉ። ሰው ባላወቀው ሊወቀስ አይገባም። መደብሩ ውስጥ አንድ ሰው «የትኛው ተባይ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህ ከልቤ ያናድደኛል።

ያደረግነው

መጀመሪያ የቀየርነው ውሃውንና ማዳበሪያውን ነው። ጋሼ በየቀኑ በጎማ ያጠጣሉ፤ በየሳምንቱ ዩሪያ ጣል ያደርጋሉ። ከፍቅር ብዛት ነው። ውጤቱ ግን ግቢው ውስጥ ለጋ ቅጠል የማይታጣበት ቀን የለም። ዛሬ ይሄ ያቆጠቁጣል፣ ነገ ያ። ለእራቷ ማዕድ ሁሌ ቀርቦላታል። ዩሪያውን አቆምን። ውሃውን በሦስት ቀን አንዴ፣ ግን እስኪጠግብ አደረግነው። ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚፈነጥዙትን ቀንበጦች በጥፍር ቆረጥናቸው። እነሱ ለችግኙ አይጠቅሙም፤ ለእራቷ ግን ከሁሉ የለሰለሱት ናቸው።

የተሰረሰሩትን ቅጠሎች አልነቀልንም። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ «በሽተኛውን ቅጠል ትተን?» አሉ። አዎ። የተጨማደደ ቅጠል ከቆዳው በታች አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ለችግኙ ምግብ ይሠራል። እሱን ስትነቅሉት ችግኙ በምትኩ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ለጋው ደግሞ ይሰረሰራል። ቅጠሉ ውስጥ ተርብ ካለም አብራ ትጣላለች።

አዲስ ለሚወጣው ቅጠል መከለያ ያስፈልግ ነበር። አጎበር አሰብን፤ ቀዳዳው ለእሷ በር ነው። ሐሳቡ የመጣው ከጋሼ ባለቤት ነው። «የእኔ አሮጌ ነጠላ ምን ይሠራል?» አሉ እትዬ። ሳጥን ከፍተው ሁለት ያረጀ ነጠላ አወጡ። መስመር የሌለባቸውን 10 ችግኞች ለይተን፣ አራት እንጨት ተክለን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንሸፍናቸዋለን። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንገልጣለን። ንጹሕ የሆኑትን መለየቱ ግድ ነው። ሙሽሬ ያለበት ቅጠል አብሮ ከተሸፈነ እራቷ እዚያው ተወልዳ እዚያው ትጥላለች። ቅጠሉ ወጥቶ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ነጠላው አያስፈልግም።

አንድ ሌሊት ነፋሱ ነጠላውን ገፎ ወሰደው። ጠዋት ቆርቆሮው ላይ አገኘነው። ከሳምንት በኋላ በሦስት ቅጠሎች ላይ የብር መስመር ታየ። ከ10ሩ ችግኝ የተነካው ያ ብቻ ነው። የቀሩት ሳይሸፈኑ የቆዩት ተሰረሰሩ፤ ቢሆንም ውሃው ከተስተካከለ በኋላ ባወጡት ቅጠል ላይ መስመሩ ከበፊቱ ሳሳ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስላቆጠቆጡ ለጋ ሆነው የቆዩበት ጊዜ አጠረ።

ስድስት ችግኞች ሞቱብን። ላስቲኩን ቀደን ሥራቸውን ስናይ ጠቁሮ ይሸታል። ውሃ አፍኗቸው ነው። እራቷ አልገደለቻቸውም። ሌሎች አራት ደግሞ በሦስተኛው ርጭት የተቃጠሉት ናቸው፤ ተርፈዋል፣ ግን ዛሬም ከጓደኞቻቸው አጭር ናቸው። ይሄን የምጽፈው ጋሼ ራሳቸው «ጻፊው፣ ሌላው ይማርበት» ስላሉኝ ነው።

ቅጠል ስለተጨማደደ ብቻ ይህች ናት ማለት ግን አይቻልም። ክሽክሽም ለጋ ቅጠል ያጨማድዳል፤ እሱ ግን ከቅጠሉ ሥር በመንጋ ተቀምጦ ይታያል፣ ያጣብቃል፣ የብር መስመር የለውም። ጠርዙ ተቆርጦ የተበላ ቅጠል ካያችሁ የወፍ ኩስ የሚመስለውን የቢራቢሮ አባጨጓሬ ፈልጉ። እሱን በእጅ መልቀም ነው። ግራ የገባው የአዳማ ሰው ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ የሚሠራው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አለ። ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልሎ መጠየቅ ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይረክሳል።

ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መስመሮቹ መጓዛቸው ዘገየ። ጥር አጋማሽ ላይ አንዲት እናት ሎሚ ሊገዙ መጡ። እኔም አጥሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንዱን ችግኝ አንስተው «ይሄማ ታሟል» አሉ። ጋሼ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አዞሩት። «አይ እመቤቴ፣ ይሄ ያለፈ ነው። እዚህ ጋ ገባች፣ እንዲህ እንዲህ ዞረች፣ እዚች ጠርዝ ላይ ተጠቅልላ ተኛች፣ በዚህ ወጥታ ሄደች። ይልቅ ከላይ ያለውን አዲሱን እዩት።» ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉት። ሁለት ገዙ።

አሁን የበልግ ዝናብ እየጠበቅን ነው። ያኔ ችግኙ ሁሉ በአንዴ ያቆጠቁጣል። እትዬ ከእህታቸው ሦስት አሮጌ ነጠላ ለምነው አስመጥተዋል፤ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጋሼ ነፋሱ እንዳይደግመን ከነጠላው ጫፍ የሚታሰር ድንጋይ እየለቀሙ ነው።